ጋሽ ከማል የነቀሉት ፍላሽ

ኮሌጅ፣ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ ፍላሽ ስሰካ ኮምፒውተሩ «ዲንግ» ሲል፣ ልጅ ሆኜ በካዚኖ ከተማዋ በፓራዳይዝ የኖርንበት አፓርታማ ትዝ ይለኛል። ጎረቤታችን ጋሽ ከማል ካዚኖ ውስጥ የቁማር ማሽን ስለሚወለውሉ ራሳቸውን ኢንጂነር ይሉ ነበር። የሟቹ አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ዱዓ በድምፅ የተቀዳው በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ነበር። እናቴ ፎቶ እንዲጨምሩበት ሰጠቻቸው፤ የፍላሹ መብራት ገና ብልጭ ድርግም እያለ ነቀሉት።

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ጋሽ ከማል!» አልኳቸው።

«ዝም በይ እስቲ፣ ማሽን እኔን ያውቀኛል!»

መልሰው ሲሰኩት ኮምፒውተሩ ፍላሹን ማንበብ አቃተውና «ሁሉም ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀ። ሳያነቡ «የስ» አሉት። እናቴ የአባቷን ድምፅ ዳግመኛ አልሰማችም።

ኮምፒውተሩ መረጃውን ጽፎ ሳይጨርስ ፍላሽ እንደማይነቀል አሁን ተምሬአለሁ። ጋሽ ከማል ባለፈው እሁድ ቤታችን መጥተው፣ «ኮምፒውተር ያስወደድኩሽ እኔ ነኝ» አሉኝ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እውነታቸውን መሆኑ ነው።