አስራ ሁለተኛው ቁልፍ

በባህሩ ዳር ያለውን ባለ አስራ አንድ ክፍል የእንግዳ ማረፊያ የሚያውቅ ሁሉ እሜቴ ቁልፍን ያውቃታል። ስሙን ያወጣላት የማረፊያው ባለቤት ነው። ሊያሾፍባት አስቦ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንሶላ ስታጥብ፣ ከአልጋ ስር አሸዋ ስትጠርግ ኖራለች። የአስራ አንዱም በር መለዋወጫ ቁልፍ በአንድ የብረት ቀለበት ተሰክቶ ቀን ከወገቧ ወርዶ አያውቅም። «ቁልፍ ጠፋ የሚባል ወሬ እኔ ጋ የለም» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ባለቤቱ የገዛ መኪናውን ቁልፍ በየወሩ ስለሚጥል አፉን ይዞ ይሰማታል።

እንግዳ ትንቃለች። ሰው የራሱን አልጋ ትቶ በሰው አልጋ ለመተኛት ይህን ሁሉ መንገድ መምጣቱ አይዋጥላትም። ባህሩንም ቢሆን የምታየው ከፊቱ ስለተገተረች እንጂ ወዳው አይደለም። ለእሷ ባህር ማለት አንሶላ የሚያሻክር ጨውና የመታጠቢያ ቤት ቱቦ የሚደፍን አሸዋ ነው። እንግዶቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ተደርድረው ቆመው «አቤት ውበት!» ሲሉ ከኋላቸው እርጥብ ፎጣቸውን ትለቅማለች።

ሰባተኛው ክፍል የገባው ቤተሰብ ግን ከእስከዛሬው ሁሉ የባሰ ሆነባት። አባት፣ እናት፣ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና አምስት ዓመት የሞላው ወንድሟ ናቸው። አገር ላገር መዞር ከጀመሩ አስራ አራት ወር ሆኗቸዋል።

«ሦስት ሳምንት ልናርፍ ነው የመጣነው» አላት አባትየው ሻንጣውን እያወረደ።

«ከምን?»

«ከጉዞው ነዋ።»

«ጉዞውስ ለምን ነበር?»

አባትየው ትንሽ አሰበ። «ከሥራ ለማረፍ» አለ።

እሜቴ ቁልፍ ሳቋ ሳያመልጣት ፎጣውን አልጋው ላይ ጥላ ወጣች።

በማግስቱ ክፍሉን ልታጸዳ ስትገባ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። የዕረፍት ፕሮግራም ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ጸጥታ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ንባብ፣ ከአራት እስከ አምስት ተኩል ነፃ ጨዋታ። መጥረጊያዋን ተደግፋ ሁለቴ አነበበችው። ያን ቀን ትንሹ ልጅ ባልዲውን ጭኑ ላይ አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ባህሩ እፊቱ ነው፤ ነፃ ጨዋታው ግን ገና አስር ደቂቃ ይቀረዋል። «ጉድ እኮ ነው» አለች ለባለቤቱ፤ «እስር ቤት እንኳ ሰዓቱ እንዲህ አይጠብቅም!»

አባትየው ቀኑን ሙሉ ጥላ ስር ተጋድሞ ስለ ቀላል ኑሮ ይጽፋል። በኢንተርኔት የሚያነብለት ሰው ብዙ ነው አሉ። ዕቃ ሰውን ያስራል ይላል። ስለዚህም ቤተሰቡ ሕግ አለው፤ ከአንድ ቦታ ሲነሱ እያንዳንዱ ልጅ ካለው ነገር አንዱን መርጦ ይሰናበታል። በሁለት እጁ ይይዘዋል፣ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁን» ይለዋል፣ ከዚያ ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ለማረፊያው ይተወዋል። ልጅቷ እስካሁን አሻንጉሊቷን፣ ሁለት የሥዕል ደብተሯንና ሲረግጧት መብራት የምታበራ ጫማዋን ተሰናብታለች። አባትና እናት የተሰናበቱት ነገር እንዳለ እሜቴ ቁልፍ አላየችም። ሁለቱን ካሜራ፣ ሁለቱን ኮምፒውተርና የሽቦውን መዓት በየቀኑ አቧራ የምታራግፈው እሷ ናት። ደግሞ ቀላል ኑሮ! አንድ ድስትና አንድ ብርድ ልብስ ይዞ የሚኖር ሰው ስንት ታውቃለች፤ አንዱም ስም ሲያወጣለት አልሰማችም።

በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ ብቻዋን ወደ ልብስ ማጠቢያው መጣች። በሩ ላይ ቆማ ቀለበቱን አየችው።

«እትዬ፣ እርስዎ ቁልፍ አይጠፋብዎትም አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎት የነገሩን። ሦስት ጊዜ።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ከካልሲዋ ውስጥ አረንጓዴ ክር የታሰረበት ቁልፍ አወጣች። «የቤታችን ነው» አለች። «አባዬ ቦርሳዬን ሲያስተካክል ያገኘዋል ብዬ ፈራሁ። ካገኘው ተሰናበቺው ይለኛል። እስክንሄድ ያስቀምጡልኝ። ግን ለማንም እንዳይናገሩ። አደራ።»

«እኔ ለማን እናገራለሁ፣ የኔ ልጅ?»

ቁልፉን ቀለበቱ ላይ ሰካችው። አስራ ሁለት ሆነ። እንግዳ ሁሉ እሷ ክፍሉ ስትገባ ሻንጣውን የሚቆልፍ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንዱ እንኳ አደራ ብሏት አያውቅም። ያን ቀን የሰባተኛውን ክፍል አንሶላ ከሁሉ አስበልጣ ተኮሰች።

ከሁለት ቀን በኋላ ልብስ ስታሰጣ እናትየው ከተሰጣው አንሶላ ወዲያ ማዶ በስልክ ስታወራ ሰማቻት። ከእህቷ ጋር ነው። «የገዙት ሰዎች በሩንም ቀየሩት አሉ» ትላለች። «አይ፣ ልጆቹ የት ያውቃሉ? ቤታችን ይጠብቀናል ነው የምንላቸው። እሺ፣ ይነገራቸዋል፤ ግን አሁን በዕረፍታቸው መሃል?»

የእሜቴ ቁልፍ እጅ ገመዱ ላይ ቀረ። ቤቱ ተሽጧል። ወገቧ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ በዓለም ላይ አንድም በር አይከፍትም፤ ያቺ ልጅ ግን በካልሲዋ ደብቃ ስንት አገር ዞራበታለች። «አደራ በላዎች!» አለች ለራሷ። ልጅ ማለት አደራ አይደለም እንዴ? ልጆቹ ሳያውቁ ቤቱን ሸጦ ስለ ቀላል ኑሮ ይጻፍ? እናትየውን ለብቻ ጠርታ ብትናገራት ነገሩ በደግ ያልቅ እንደነበር አላጣችውም። ግን በደግ እንዲያልቅ አልፈለገችም። እነዚህን ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ማሳፈር ነው ያማራት።

የመሰናበቻው ቀን ቁርስ በረንዳው ላይ ቀረበ። አባትየው ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቁሞ ካርቶኑን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠ። ትንሹ ልጅ ባልዲውን አቅፎ ያለቅሳል።

«አይዞህ» አለው አባትየው ካሜራውን እያየ። «የምንተወው ዕቃ ነው እንጂ ቤት አይደለም። ቤታችን ይጠብቀናል።»

እሜቴ ቁልፍ ሻይ ይዛ እየመጣች ነበር። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርጋ አስቀመጠችው። አረንጓዴ ክር ያለበትን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥታ አባትየው አፍንጫ ስር ዘረጋች።

«ጌታዬ፣ ይሄ የትኛውን በር ነው የሚከፍተው?»

አባትየው ክው አለ። እናትየው ማንኪያዋን ጣለች።

«ከየት አመጡት?» አለ አባትየው።

«ልጅዎ ናት የሰጠችኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ቁልፍ ስይዝ በሩ የተሸጠ ቁልፍ አይቼ አላውቅም።»

ይህን ያለችው ደረቷን ነፋ አድርጋ ነው። ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል። አሁን ልጅቷ ወደ አባቷ ዞራ «እውነት ነው?» እስክትል ጠበቀች። ልጅቷ ወደ አባቷ አልዞረችም። ዓይኗን ከእሜቴ ቁልፍ ላይ አላነሳችም።

«አውቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «መሸጡን ድሮ ሰምቻለሁ። ወንድሜ ነው የማያውቀው። አልጋዬ ናፈቀኝ ብሎ ሲያለቅስ ቁልፉን አሳየዋለሁ፣ ዝም ይላል።» ከዚያም «ለማንም አልናገርም ብለውኝ ነበር» አለች።

ትንሹ ልጅ ማልቀሱን አቆመ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«አልጋዬንም ሸጣችሁት?»

አባትየው ካሜራውን ሊያጠፋ ይታገላል፤ ማጥፊያው ጠፋበት። እናትየው እንደገና ማልቀስ የጀመረውን ልጅ ወደ ደረቷ ሳበችው። እሜቴ ቁልፍ ልታሳፍራቸው ነበር፤ አፍረዋልም። ግን ልጁ እያለቀሰ እነሱን ማን ያያል? እሷ ራሷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ልጅቷ ተነስታ ቁልፉን ከእሜቴ ቁልፍ እጅ ወሰደችው። እንደተማረችው በሁለት እጇ ያዘችው።

«አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁን» አለችው። ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወንድሟ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ሄዱ። ልጅቷ በበሩ ስታልፍ «ደህና ይሁኑ» አለቻት፣ በትህትና፣ ለማንኛውም የማረፊያ ቤት ሠራተኛ እንደሚባለው። እሜቴ ቁልፍ ይቅርታ ልትላት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ሳይወጣ መኪናው ተነሳ። ሰባተኛውን ክፍል ገብታ አንሶላውን ገፈፈች። ከአልጋው ስር አሸዋውን ጠረገች። ቁም ሳጥኑ ላይ የቀረውን ፕሮግራም ልትቀደው ጫፉን ይዛ ቆመች፤ ማን ላይ እንደምትስቅ ጠፋት። እናትና አባትየው ቢዋሹም የዋሹት ልጆቻቸው እንዳያለቅሱ ነው። እሷ ያስለቀሰችው አሸነፍኩ ለማለት ነው። «አደራ በላ» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ። ማንን እንዳለች ታውቃለች።

ባለቤቱ ካርቶኑን ሊጥል ሲል ቀድማ ቁልፉን አወጣችና መልሳ ቀለበቷ ላይ ሰካችው። አሁንም አለ። ክሩ በእጥበት ብዛት ነጥቷል። አዲስ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ እንደ ልማዱ «እሜቴ፣ ስለ ቁልፎችሽ ንገሪያቸው እንጂ» ይላታል። ፎጣውን አስቀምጣ ትወጣለች።