በቢቸና እስር ቤት ቡዳ የሆንኩበት ቀን

የቢቸና እስር ቤት በር ዝቅ ያለ ነበርና ማንም አጎንብሶ ነው የሚገባው። እኔ ግን የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ አይደለሁ? ቀና ብዬ ልገባ ስል መቃኑ ግንባሬን አገኘኝ። ከውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም። ነገሩ እንደከፋ የገባኝ ያኔ ነው። እስረኛ በአዲስ ገቢ ካልሳቀ ጠርጥሮታል ማለት ነው።

ከኋላዬ አንድ ቀጥቃጭ ገባ። ሁለታችንንም ያመጡን ከሞጣ ነው፤ የሞጣው እስር ቤት በግብር ጠብ በተያዙ ገበሬዎች ሞልቶ ነበር። ጥፋታችን አንድ ነው። እኔ በሳይንስ ተመርቄ ሞጣ ትምህርት ቤት ተመደብኩና፣ ማን ለምኖኝ እንደሆነ እንጃ፣ በገበያ ቀን ማይክሮስኮፕ ተሸክሜ እየወጣሁ ለሕዝብ ማሳየት ጀመርኩ። የኩሬ ውኃ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቅማል እግር። ሸክላ ሠሪዋም፣ ሸማኔውም፣ ባላባቱም በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ፤ ደንቤ ይኸው ነበር። አንድ ቀን የባላባቱንና የዚሁን ቀጥቃጭ የደም ጠብታ ጎን ለጎን አድርጌ «እስቲ ለዩ» አልኩ። የሚለይ ጠፋ። የሰውን እኩልነት ያስተማርኩ መስሎኝ እየተጎማለልኩ ቤቴ ገባሁ።

አገሬው የሰማው ሌላ ነው። ርስት የሚወረሰው በደም ነዋ! «መንግሥት ደም በመነጽር እያየ ርስታችንን ለቀጥቃጭ ሊያካፍል ነው» ተባለ። ፖሊስ ደግሞ እኔን «ገበሬ የሚያሳምፅ ተማሪ»፣ እሱን «ርስት ፈላጊ» ብሎ ለቀመን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቢቸና ደርሷል። የእስረኞቹ አለቃ፣ ሽበታም ገበሬ ናቸው፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ደም የሚያይ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ነኝ፣ አባቴ።»

«የኛን እንዳታይ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አርገህ ተኛ።»

ቀጥቃጩን በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ አስቀመጡት። የውኃው ቅል ሲዞር ለእሱ በእፍኙ ነበር የሚያፈሱለት። እኔም ብሆን ማንንም አላምንም። የሚያስለው ሁሉ ለፖሊስ ምልክት የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር። ቀጥቃጩን ሳይቀር «ጆሮ ጠቢ ይሆን?» እያልኩ በጎን አየዋለሁ። እሱም እኔን በጎን ያየኛል።

አንድ ማለዳ አጠገቤ የሚተኛው ገበሬ በትኩሳት ነደደ። ይቃዣል፤ ዓይኑ ይገለበጣል።

«ተበልቷል» አለ አንዱ። ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ።

«ትፋበት!» አሉት አለቃው ቀጥቃጩን። ቡዳ የበላውን ሰው እንትፍ ካለበት ይለቀዋል ነው እምነቱ።

«አልበላሁትም፣ አባቴ።»

«ካልበላኸው መትፋቱ ምን ገደደህ?»

«ከተፋሁ አመንኩ ማለት ነዋ! ነገ ሞጣ ላይ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ቤቴን ከነልጆቼ ያነዱታል።»

ሁለት ጎረምሶች ተነሡ። አንደኛው የእግሩን ሰንሰለት ትርፍ በእጁ ላይ ጠቀለለ።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ትምህርት ጀመርኩ። «ወንድሞቼ፣ ይህ ቅማል የሚያመጣው ትኩሳት ነው...»

«ቅማልማ ሁላችንም አለን። ለምን እሱን ብቻ?» አለኝ ባለ ሰንሰለቱ።

ተገቢ ጥያቄ ነበር። መልሱ ግን ረጅም ነው፤ ሰንሰለቱ ደግሞ ቅርብ።

«እኔ ነኝ የበላሁት» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ታዩኛላችሁ? በመነጽር ደም ሳይ የከረምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ዘወር በሉ ልትፋበት!»

ማስረጃ የጠየቀኝ የለም። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ በአንድ አፍ ያመነኝ ክፍል አጋጥሞኝ አያውቅም። ችግሩ አፌ በፍርሃት ደርቆ ምራቅ እምቢ አለኝ። ይህ ትኩሳት ብዙ ጊዜ በራሱ እንደሚለቅ ከመጽሐፍ አውቃለሁ፤ በሽተኛው ግን መጽሐፉን አላነበበም። ቢሞት ሰንሰለቱ ለእኔ ነው። እንደምንም ተፋሁ። ቀጠልኩና «ልብሱን አውልቁ፣ በፈላ ውኃ ቀቅሉ፤ የእናንተንም!» ብዬ አዘዝኩ። ሳይንቲስት ሆኜ የማይሰሙኝን ቡዳ ስሆን ሰሙኝ። ዘበኛው ሳይቀር ውኃ አፈላ።

በማግሥቱ ሰውየው አላበው፤ ቀዘቀዘ፤ ውኃ ለመነ። በጋቢው ፊቱን ከልሎ ከሩቅ እጅ ነሣኝ። እኔ ወደ ባልዲው ተዛወርኩ።

ምሳ ሲቀርብ አለቃው ቀጥቃጩን ጠሩት። «ና፣ ከኛ ጋር ቅረብ። ያለ ጥፋትህ ነው የጠረጠርንህ።»

ቤተሰቡ ሞጣ ነው፤ ስንቅ የሚያመጣለት የለም። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። እንጀራውን አየ፤ እኔን አየ።

«ጠግቤያለሁ፣ አባቴ» አለ። ሰንሰለቱን እየጎተተ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ቆየት ብሎ «አተፋፍህ ግን አያምርም» አለኝ በሹክሹክታ።

ዛሬ «ሳይንስን ለሕዝብ ያደረሱ አባት» እያሉ በየአዳራሹ ከፊት ያስቀምጡኛል። እኔ ደግሞ ሙገሳ ስሰማ እጠረጥራለሁ። በገዛ አፌ ቡዳ አለ ብዬ የመሰከርኩ ሳይንቲስት ነኝና፣ ያ ገበሬ የልጅ ልጆቹን ስለ እኔ ምን እያለ እንዳስፈራራ እግዜር ይወቅ። ትክክል ሠርቼ ይሁን ተሳስቼ፣ ዛሬም አልለየሁትም። ብቻ ማንም «ና ቅረብ» ብሎ ገበታ ሲጋብዘኝ፣ ከመቀመጤ በፊት ያልተጠራው ማን እንደሆነ ዞር ብዬ አያለሁ።