ሸራውን ቀትር ላይ አታጥብቂው

ሱዳን በረሃ ውስጥ ወዳለው የስደተኞች ካምፕ ስደርስ ውሃ የማያስገባ ሰማያዊ ሸራ፣ ምሰሶ፣ ገመድና አራት ችካል ሰጡኝ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ብቻዬን ተከልኩት። በሦስተኛው ቀን ነፋስ ነቅሎ ወሰደው። ከኋላው ስሮጥ ጎረቤቴ የነበሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ አንዱን ጫፍ ረግጠው ያዙልኝ።

«ልጄ፣ አሸዋ ችካል አይዝም» አሉኝ። አማርኛውን የለመዱት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ ነው። «ጆንያ አሸዋ ሙዪና ቅበሪው፤ ገመዱን እሱ ላይ እሰሪ።»

የተቀደደውን ጫፍ ጠጠር ጠቅልለውበት በገመድ አነቁት። ምሰሶው ሸራውን የሚፈገፍግበት ቦታ ላይ አሮጌ ጨርቅ ጠመጠሙ። ቀትር ላይ ሸራው ረግቦ አይቼ ገመዱን ልስብ ስል ደግሞ እጄን ያዙኝ።

«አሁን አታጥብቂው። ሲበርድ ይሰበሰብና ይቀደድብሻል።»

በየማለዳው ጣሪያው ላይ ያደረውን አሸዋ ከውስጥ በመዳፌ እየመታሁ አራግፍ ነበር። እሳቸውም በድንኳናቸው ያንኑ ሲያደርጉ ይሰማኛል። ድንገት ዝናብ የጣለ ቀን ጥግ ይዤ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። አንድ ጠብታ አልገባም። ልነግራቸው ብዬ ስወጣ እሳቸው በስብሰው መግቢያዬ ላይ ቆመዋል። የእኔን ሊያዩ መጥተው ነው።

እኔ ወደ ሆላንድ ስመጣ እዚያው ቀሩ። ስልክ አልነበራቸውም። ብዙ ሰው ጠየቅኩ፤ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም።

አሁን የምኖረው ኦስዶርፕ የሚባል ሰፈር ነው፣ ብቻዬን። የምሠራው በባቡር ሩቅ ተጉዤ፣ ስኬቨኒንገን ባሕሩ ዳር ያለ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ጥቅምት ወንበሮቹን የምንሸፍንበትን ሸራ ነፋስ ቀደደው። አለቃዬ ሊጥለው ሲል ጠጠር ፈልጌ ጫፉን አሰርኩ፤ ከረጢት አሸዋ ሞልቼ ቀበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ያዘ።

«የት ተማርሽው?» አለኝ።

«በረሃ ስኖር።»

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል።

ሰኞ አዲስ ሸራ መጣ። አሮጌውን ለምኜ ወሰድኩ። ሸራ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ የሥራ ጓደኞቼ ግን ሄደዋል። አንዱን ጫፍ በጉልበቴ ተጭኜ ሌላውን ስጎትት ነፋሱ ሁለቴ ገለበጠብኝ። በመጨረሻ አንከባልዬ ታቀፍኩት። ባቡር ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቤ ልትቀመጥ መጣች፤ ሸራው እርጥብ መሆኑን አይታ ይቅርታ ብላኝ አለፈች። እስክወርድ ድረስ እዚያ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።