ሁለት ቀለም ያለው ጢስ

የያዙኝ ፈረንሳይኛ ስለምችል ነው። በጣሊያን ዘመን ተማሪ መሆን ራሱን የቻለ ወንጀል ነበር፤ እኔ ደግሞ ወንጀሌን ደብቄ አላውቅም። ልደታ ውስጥ ከአንድ ባላባት ተወርሶ እስር ቤት የሆነ ግቢ ወስደው የፈረስ ጋጣ ውስጥ ከተቱኝ። ሽታው ገና አልለቀቀም። የቆርቆሮው ግድግዳ በጥላሸት ጠቁሯል፤ በአንዲት የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ቀጭን የፀሐይ ጨረር ይገባል።

አንድ ሽማግሌ ቀድመውኝ ገብተው ነበር። የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ጠላ ጠምቀው ይሸጣሉ። ጋኑን በወይራ የሚያጥኑት ጓሮ ስለሆነ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። አንድ የሰፈር ባንዳ ይህንን አይቶ፣ ጠዋት ሰማያዊ፣ ማታ ቀይ ጢስ እያጨሱ ለአርበኞች ምልክት ይሰጣሉ ብሎ ከሰሳቸው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን በማግስቱ ሊሰቅሏቸው ነበር።

እንጨት ይቀይሩ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሁልጊዜ ወይራ ነው አሉኝ። ባንዳው የት ቆሞ እንዳየስ? ጠዋት ከላይ ከመንገዱ፣ ማታ ከታች ከወንዙ ዳር። ሳቄ መጣ። ከላይ ሲያይ ከጢሱ ጀርባ ጥቁር የባሕር ዛፍ ጥላ አለ፤ ከታች ሲያይ ደግሞ የምትጠልቅ ፀሐይ።

«አባቴ፣ አይሰቀሉም» አልኳቸው።

«ይህን የምትለኝ አንተ ማነህ?»

«ተማሪ ነኝ።»

«አሁን ገና ፈራሁ» አሉ ፈገግ ብለው።

ከሰዓት በኋላ የእስር ቤቱ ጣሊያናዊ መኮንን ሲጋራውን እያጨሰ መጣ። በፈረንሳይኛ ሳናግረው ደስ አለው፤ የሚያወራው ሰው ሳይርበው አይቀርም። ሲጋራውን ጨረሯ ውስጥ እንዲይዝልኝ ለመንኩት። ከጎን ሲያየው፣ በጥቁሩ ግድግዳ ፊት ጢሱ ሰማያዊ ነው። ዞሮ ወደ ቀዳዳዋ ሲያይ ያው ጢስ ዝገት መሰለ። ብርሃን እንደ ማዕበል እንደሚሄድ፣ የሰማያዊው ማዕበል አጭር፣ የቀዩ ረጅም እንደሆነ ነገርኩት። የጢሱ ብናኝ ከማዕበሉም ያነሰ ሲሆን ሰማያዊውን ወደ ጎን ይበትነዋል፤ ቀዩ አልፎ ይሄዳል። ሰማዩም ሰማያዊ የሚሆነው፣ ማታ ፀሐይዋም የምትቀላው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው፤ ባንዳውም ከሁለት ቦታ ቆሞ ያየው ያንኑ አንድ የወይራ ጢስ ነው አልኩት።

 ከዚያ ጢሱን በደንብ ስቦ ጨረሯ ላይ ተነፈሰው። ነጭ ሆነ። ይህስ? አለኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። የአፍ እርጥበት ብናኙን ያወፍረዋል፤ የወፈረ ብናኝ ቀለም ሳይመርጥ ሁሉንም ይበትናል አልኩት። ሲጋራውን ረገጠና ሽማግሌውን ልቀቋቸው ብሎ ወጣ።

በር ላይ ዘበኛው እንደ ፋሺስቶች ደንብ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ሰላምታ እንዲሰጡ አዘዛቸው። እሳቸው በሁለት እጃቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ቀስ ብለው አጠፉትና ትከሻዬ ላይ አኖሩት።

«እዚህ ሌሊቱ ይበርዳል» ብለውኝ ወጡ። እጃቸውን አላነሱም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጋቢውን ልመልስ ቤታቸው ሄድኩ። ጠላ ተቀዳልኝ፤ እኔም መኮንኑን እንዴት እንዳስተማርኩት እየተኩራራሁ ደገምኩላቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ስለ ቀለሙ ያልከው ሁሉ እውነት ነው» አሉኝ። «ስለ ጢሱ ግን ማንም አልጠየቀህም።»

ጋን የሚያጥኑት ቅዳሜ ብቻ ነበር። በሌላ ቀን ከጨሰ፣ ለአርበኞቹ መንገዱ ክፍት ነው፣ ግቡ ማለት ነበር። ይህን ያን ቀን ባውቅ ኖሮ መኮንኑ ፊት ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሳቸውም ያንን አውቀው ነው ዝም ያሉኝ። ጋቢውንም አልተቀበሉኝም።

ዛሬም የምኖረው ልደታ ነው። ጠዋት በባሕር ዛፎቹ ፊት ጢስ ሲነሳ ሳይ፣ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ አውቃለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ግን፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው ብዬ ነው።