የጡሩምባ ጉሮሮና የመዋዕለ ሕፃናቱ ጦር

ሰፈሩ «ጡሩምባ» እያለ የሚጠራው ሰውዬ ከነፍሱ የሚጠላው አንድ ወራሪ ጦር ነበር። የጦሩ አባላት ቁመታቸው ከበር እጀታ አያልፍም፤ የግራ ጫማቸውን በቀኝ እግራቸው ያደርጋሉ፤ ሲስቁ ያስነጥሳቸዋል፣ ሲያስነጥሳቸው ደግሞ የባሰ ይስቃሉ። የጦር ሰፈራቸው ከጡሩምባ ቤት ጀርባ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ሲሆን፣ ከመካከላቸው የለየላት አደገኛ የገዛ ልጁ ሚጢጢ ነበረች።

ጡሩምባ የሚተዳደረው በጉሮሮው ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ ከቲኬት መቁረጫው በላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጦ፣ የትኛው መኪና ከየትኛው በር እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ያም ቢሆን ቋሚ ሠራተኛ አይደለም። ዋናው ጠሪ ሲታመም፣ ሲድር ወይም ሲቀብር ብቻ የሚፈለግ ተጠባባቂ ነው። ድምፁ ግን ድምፅ ነበር! አንድ ጊዜ «በር ሦስት!» ሲል እንቅልፍ የጣላቸው ሁለት ሾፌሮችና በሬሳ ሣጥን የሚጓዝ አንድ ሟች ብድግ አሉ ብለው የሚምሉ ጫኝና አውራጆች አሉ። ስለ ሟቹ ማረጋገጫ አልተገኘም፤ ስለ ሾፌሮቹ ግን ምስክር ሞልቷል።

ዋናው ጠሪ ጡረታ ወጣና ቦታው ተከፈተ። ጡሩምባ ይህችን ቀን ሲጠብቅ ፀጉሩ ሸብቷል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ማይክሮፎኑን ይዞ በኃላፊው ፊት መኪኖቹን መጥራት ብቻ። ነገር ግን የመጀመሪያው ፈተና ሊደርስ ሲል ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ጉንፋን ይዛ መጣች፤ አባቷን አቅፋ ሳመችውና፣ በፈተናው ዕለት ከማጉያው የወጣው ድምፅ የተመታ ባዶ ጄሪካን መሰለ። ኃላፊው አዝኖለት ሌላ ቀን ሰጠው። ለሁለተኛው ሲዘጋጅ ደግሞ የጉሮሮ ሕመም አመጣችለት። ያን ቀን እናቷ የጠፋባት የድመት ግልገል እንጂ የመኪና ጠሪ አልተሰማም።

«ስማኝ ወንድሜ» አለው ኃላፊው፣ «ቅዳሜ የመጨረሻህ ነው። ድምፅ ይዘህ ከመጣህ ቦታው ያንተ ነው። ካልሆነ ለቲኬት ቆራጩ እሰጠዋለሁ።»

ቲኬት ቆራጩ! በአፍንጫው የሚያወራ፣ ሲናገር ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ የሚመስል ሰው! የጡሩምባ ቆሽት አረረ። እንዲህ ያለ ውርደት ሊመጣበት የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በሚጢጢ አፍንጫ በኩል። እቤቱ ገብቶ አዋጅ አወጀ።

«እስከ ቅዳሜ ድረስ ይህች ልጅ አጠገቤ እንዳትደርስ። እኔ ዕቃ ቤት ነው የምተኛው። ብርጭቆዬን ማንም አይንካ። ፎጣዬን ማንም አይንካ።»

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። የምትሠራው ገበያው ጫፍ ባለ ሱቅ ቢሆንም፣ አልደርስ ያለውን ሥራ እቤት ይዛ ትመጣለች። ያን ጊዜም ጭኗ ላይ የአንድ ሆቴል መጋረጃ ዘርግታ ነበር። መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታወጣ ጠየቀችው።

«እና ማን ያጥባታል?»

«አንቺ።»

«ማን ያበላታል?»

«አንቺው ነሻ።»

«አባቷስ ማነው?»

ጡሩምባ ትንሽ አሰበ። «እኔ የወለድኳት አፍንጫዋ ደረቅ እንደሆነ ነው። ያበላሿት እነሱ ናቸው።»

በዚህስ እውነት ነበረው። መዋዕለ ሕፃናቱ ሳል ገብቶ የሚመረቅበት ቤት ነው። ሰኞ በአንድ ሕፃን ደረት ተሸሽጎ የገባ ተራ ሳል፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ማዕረግ ተጨምሮለት፣ ትኩሳትና ተቅማጥ አስከትሎ ይወጣል። አንዲት ከረሜላ ስድስት አፍ ታዳርሳለች። አንድ የፕላስቲክ ፊሽካ ክፍሉን በሙሉ አዙሮ፣ ከሁሉም አፍ የየድርሻውን ሰብስቦ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ይህም አልበቃ ብሎ ዳይሬክተሯ «የፍቅር ሰላምታ» የሚባል ነገር ፈጥራለች። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቆሙና እያንዳንዱ በቀኙ ያለውን ይስማል፣ ዞሮ በግራው ያለውን ይስማል። በሽታ እግር ቢኖረው ኖሮ እንኳ በዚያ ክብ ውስጥ መራመድ ባላስፈለገው።

በሩ ላይ በእርግጥ ሕግ አለ። የታመመ ልጅ አይገባም። ዳይሬክተሯ ራሷ ቆማ የእያንዳንዱን ልጅ ግንባር ትዳስሳለች። ወላጆቹም ሕጉን ያከብራሉ፤ ስለሚያከብሩትም ከቤት ሳይወጡ ለልጃቸው የትኩሳት ሽሮፕ ይግቱታል፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ያጥቡታል፣ አፍንጫውን እስኪላጥ ይጠርጉታል፤ ልጁ በሩ ላይ ሲደርስ እንደ ዱባ ይቀዘቅዛል። ቢያስል እንኳ መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ «አለርጂ ነው።» በዚያ ትምህርት ቤት ጉንፋን የያዘው አንድም ልጅ ኖሮ አያውቅም። ሁሉም አለርጂ ነው። የአበባ አለርጂ፣ የአቧራ አለርጂ፣ አንዱ አባትማ የትምህርት አለርጂ ነው ብሎ አስገብቷል።

ጡሩምባ እነዚህን ወላጆች ሲያማ ውሎ ቢያድር አይጠግብም። «ነፍሰ ገዳዮች!» ይላል ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሆኖ፣ በሁለት ጆንያ መካከል እግሩን አጥፎ። ሚጢጢ በሩን ስታንኳኳ አንገቱን በሻርፕ ይጠመጥምና በቁልፉ ቀዳዳ ያነጋግራታል።

«አባዬ፣ ክፈትልኝ።»

«አልከፍትም። ወደዚያ ሂጂ።»

«ልስምህ ነው።»

«ለዚህም ነው የማልከፍተው!»

ማክሰኞ ጠዋት ሚጢጢ ጉንጯ ፍም መስሎ ተነሳች። ሚስቱ ደግሞ በጠዋት ወጥታለች፤ የሆቴሉ መጋረጃ ዛሬ ካልተሰቀለ ሥራዋ ላይ መመለስ የለም። ጡሩምባ ከልጁ ጋር ብቻውን ቀረ። ትቅር ቢል ቀኑን ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ አንድ አየር ሊተነፍሱ ነው። አየሩን አየው። አየሩም ያየው መሰለው።

ብዙም አላመነታም። ቀዩን ሽሮፕ ከመደርደሪያ አወረደና፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ማንኪያውን ሰጣት። ግማሹ አፏ ገባ፣ ግማሹ ከንፈሯንና አንገትጌዋን ቀባው። ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ አጠባት። ከዚያ የሻርፏን ጫፍ ይዞ፣ እንደሚናከስ ውሻ እያራቀ እየጎተተ፣ በሩ ላይ አደረሳት።

ዳይሬክተሯ የሚጢጢን ግንባር ዳሰሰች። «ሞቅ አላለችም?»

«አለርጂ ነው» አለ ጡሩምባ ዓይኑን ሳያሽ። ሌሎቹ ወላጆች ይዋሻሉ፤ እሱ ግን ችግር አለበት፤ ሁለቱ በጭራሽ አንድ አይደሉም።

ሚጢጢ ገባች። በቀኟ ያለውን ሳመች፣ ዞራ በግራዋ ያለውን ሳመች።

አርብ ሲደርስ ክፍሉ ከነአሻንጉሊቱ ያስል ነበር። ሚጢጢ ራሷ ድና እንደ ፌንጣ ትዘላለች። የጡሩምባ ጉሮሮም በታሪኩ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም። ጠዋት ዕቃ ቤት ውስጥ ሆኖ በቀስታ «በር ሦስት» ቢል መደርደሪያው ላይ ያሉ ብርጭቆዎች መለሱለት። ነገ ቅዳሜ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ቀረው።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሥራ ስለበዛባት ልጅቷን ሊያመጣ ሄደ። አፍንጫውን ሸፍኖ በሩ ላይ ሲደርስ ጉድ አየ። ሚጢጢ ከአንድ ልጅ ጋር ተቃቅፋ፣ አንዲት ባለ እንጨት ከረሜላ እየተቀባበሉ ይልሳሉ። ልጁን ጡሩምባ ራሱ «ቧንቧ» ብሎ ስም ካወጣለት ቆይቷል፤ አፍንጫው ተዘግቶ አያውቅም። ያን ቀን ደግሞ የተሰበረ ቧንቧ ሆኗል። ሚጢጢ አባቷን ስታይ ከረሜላውን ይዛ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ «አባዬ!» እያለች ሮጠች። ጡሩምባ ወደ ኋላ ዘለለና ከበሩ ምሰሶ ጀርባ ተደበቀ። የቧንቧ እናት ይህን አይታ ከት ብላ ሳቀች። የጫማ ሻጭ ናት፤ ምላሷ ከሱቋ ጫማ ሁሉ ይሰፋል።

የጡሩምባ ደም ፈላ።

«ሴትዮ! ይህን ልጅ በምን ኅሊናሽ ነው ከቤት የምታወጪው? አፍንጫው እኮ ሰፈሩን ያጠጣል!»

«ምን አልክ አንተ?»

«ቧንቧ ነው ያልኩት!»

«ልጄን ነው ቧንቧ የምትለው? አንተ የመናኸሪያ ቁራ!» ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፤ እጇ ነጻ እንዲሆን ነው። «ማክሰኞ ልጅህን ሽሮፕ ግተህ ያመጣሃት አንተ አይደለህም? ከንፈሯ እስከ አገጯ ቀልቶ! የኔ ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ አፍንጫው ብቻ ነበር የሚፈሰው፤ ትኩሳት የጀመረው አንተ ጉድህን አምጥተህ አጠገቡ ካስቀመጥክ በኋላ ነው! እስቲ ንገረኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ልጅ ተኛ?»

ወላጆቹ ዞረው አዩት። አንዷ ሕፃን ያዘለች እናት «ለካ ከዚህ ነው የመጣብን!» አለች። ባለፈው «የትምህርት አለርጂ ነው» ብሎ ልጁን ያስገባው አባት ሳይቀር ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

ሰው ሲዋሽ ተይዞ ዝም ካለ ውሸቱ ይቀርለታል፤ ጡሩምባ ግን ዝም ማለትን አልተማረም። እውነቱ እንዳይሰማ ከእውነቱ በላይ መጮህ ነበረበትና ጮኸ። በሕይወቱ እንዲያ ጮኾ አያውቅም። ስለ ንጽሕና ጮኸ፣ ስለ ኅሊና ጮኸ፣ ስለ ከረሜላ ጮኸ። በሽቦው ላይ የተቀመጡ ወፎች ተነስተው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ውስጥ ተነፍቶ የነበረ ሊጥ ቁጭ አለ። ከጀርባው ልጆቹ ተሰብስበው፣ እየሳሉም እየዘለሉም፣ «ቧንቧ! ቁራ! ቧንቧ! ቁራ!» ይዘምራሉ፤ ቧንቧም ከሁሉ በላይ ደስ ብሎት ያስተባብራቸዋል።

«እባካችሁ፣ ልጆቹ ፊት…» አለች ዳይሬክተሯ።

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ ወደ እሷ ዞረ። «ይህ የመሳሳም ፋብሪካሽ ነው ያጠ…»

ጧ!

እንደ ጊታር ክር አንድ ነገር በጉሮሮው ውስጥ ተበጠሰ። አፉ ይከፈታል፣ ጣቱ ይወነጨፋል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፤ የሚወጣው ግን ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ፉጨት ብቻ ነው።

«ምነው?» አለች ጫማ ሻጯ ቦርሳዋን እያነሳች። «ሽሮፑ አለቀብህ?»

እቤት ሲደርስ ሚስቱ መጋረጃ ታጥፋለች። በእጁ ጉሮሮውን አሳያት። ከዚያ በእጁ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ጠቆመ።

«ታሪኩ ቀድሞህ ደርሷል፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶሃል» አለችው። «ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን አጠብኩ፣ ብቻዬን አበላሁ፣ ልጅቷ በቁልፍ ቀዳዳ አባቷን ስትለምን አየሁ። አንዲት ተሕዋስ አልነካችህም። ራስህ በጤናህ ሄደህ ጉሮሮህን ቀደድከው!»

በምልክት ማር ጠየቃት።

«መደርደሪያው ላይ ነው። እጅ አለህ።»

ሚጢጢ አፉ ውስጥ ልታይ ተንጠራራች። «አባዬ፣ ድምፅህን ቧንቧ ወሰደው?» አሁን አልሸሻትም። መሸሽ ምን ያደርግለታል?

በማግስቱ ኃላፊው ማይክሮፎኑን ሰጠው። መናኸሪያው በተጓዥ ጢም ብሏል። ጡሩምባ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ ወረወረ። በመናኸሪያው ላይ ቆርቆሮ በድንጋይ ላይ የሚጎተት መሰለ። «ማጉያው ተበላሽቷል! አጥፉት!» አለ አንድ ሾፌር ከታች። ኃላፊው ቀስ ብሎ ማይክሮፎኑን ከእጁ ወሰደና፣ ፊቱን ሳያይ፣ በሩ ላይ ለቆመው ቲኬት ቆራጭ አቀበለው።

ጡሩምባ ደረጃውን ወርዶ ተጓዦቹ መሃል ቆመ። ቢያንስ ፍርዱን ከሕዝቡ መስማት ፈለገ። ያችን ንብ ሕዝቡ ይታገሣት እንደሆነ እናያለን!

«በብብር ሁህለት…» አለች ንቧ ከላይ።

ማንም አልሳቀ። ማንም ቀና አላለ። ሰዎቹ ሻንጣቸውን አነሱ፣ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ፣ ተጋፍተው ወደ በር ሁለት ሄዱ። መኪናው ሞላ። ጡሩምባ አላመነም። ጓዟን የምትጠቀልል አንዲት አሮጊት አጠገብ ጎንበስ አለና በተረፈችው ሹክሹክታ ጠየቃት።

«እማማ፣ የጠሪው ድምፅ እንዴት ነው?»

«ምን?»

«ድምፁ… ይጥማል?»

«ጮክ በል እንጂ ልጄ!» አለችው ጓዟን ትከሻዋ ላይ እያደረገች። «እንዳንተ ያለ ሰው ምኑ ይሰማል? ዞር በልልኝ፣ መኪናዬ ተጠርቷል።»