ለራሴ የላክሁት ሽማግሌ

በእኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው ወይ የተጣላ ለማስታረቅ ነው፣ ወይ ሴት ልጅ ለመጠየቅ። እኔ ለራሴ ላክሁ። ደባርቅ ውስጥ እስከ ዛሬ "ዐይን አውጣ" የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ።

ደባርቅ ካለው የአባቴ ቤት እየተመላለስሁ ዳባት አስተማሪ ነበርሁ። ውጭ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኝ፣ ወጪዬንም ሊችል ተስማምቶ፣ ዝግጅቴ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። የእንግሊዝኛውን ፈተና አዲስ አበባ ሄጄ ተፈትኛለሁ። መብራት በመጣ ቁጥር ኢንተርኔት ቤት እየሮጥሁ የሚሞላውን ሁሉ ሞልቻለሁ። የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠይቁኝ፣ እናቴ የምታስታውሰው ክርስትና የተነሣሁበትን ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ቆጥረን አውጥተናል። ፓስፖርቴም ሻንጣዬ ውስጥ ነው። የቀረው አባቴ ነበር።

አባቴ ለአንድ የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ ልጅ ሊድረኝ ቃል ሰጥቷል። ልጁን አልጠላሁትም፤ አላውቀውም። "ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ትምህርቱ አግብተሽም ይደርሳል" ይለኛል። ጓደኞቼ "ዝም ብለሽ ሂጂ፣ ከደረስሽ በኋላ ትደውይላቸዋለሽ" አሉኝ። ተናደድሁ። ምን ሰርቄ ነው በጓሮ የምወጣው? የአባቴን ምርቃት ሳልቀበል ከዚያ ቤት ላልወጣ ማልሁ፤ ተድሬም ላልቀር ማልሁ።

አባቴ ራሱ የታወቀ ሽማግሌ ነው። ስንት ሰው ቤት ገብቶ "እሺ ሳትሉን አንቀመጥም" እያለ ቆሞ ረትቷል። እኔም ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ።

"አባ፣ አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።"

"ማን ሊያገባሽ ፈልጎ ነው ልጄ?"

"ማንም። እኔ ነኝ ልማር ብዬ የምጠይቀው።"

ሳቁ። "ሴት ልጅ ለራሷ ሽማግሌ ስትልክ አይቼ አላውቅም።"

"አሁን ያያሉ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ጎረቤቶቻችንን አስከትለው መጡ። አባቴ ወንበር ቢያቀርብ እምቢ አሉ። ሌላ ጠያቂ የላካቸው መስሎት፣ ኮራ ብሎ፣ "እንግዲህ ልጄ ታጭታለች" አላቸው።

"ለጋብቻ አልመጣንም" አሉ አባ። "ትምህርቷን እንድትፈቅድላት የላከችን ልጅህ ናት።"

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። "ቤቴ የምታድር ልጅ ሽማግሌ ትልክብኛለች?"

ሽማግሌ ሲመጣ ሴት ልጅ ጓዳ ነው የምትቀመጠው። ወጣሁ።

"አዎ አባባ። ብቻዬን ስለምንህ አልሰማኸኝም።"

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። አንደኛው ጉልበቱን ያመዋል፤ በዱላው ተደግፎ ነው የቆመው። አባቴ ደጋግሞ "ኧረ ቁጭ በሉ" ቢል ማን ሰምቶት። ዘዴውን ያስተማራቸው እሱ ነው። በመጨረሻ እናቴ ከጓዳ፣ "እነዚያ የነጋዴው ሽማግሌዎች ሲመጡ እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እኔ ቃል አልሰጠሁም" አለች። ሽማግሌ ፊት ስትናገር ያን ቀን መስማቴ ነው።

"ታዲያ የእኔን ቃል ማን ይመልስልኛል?" አለ አባቴ። "በየትኛው ፊቴ ሰው ልላክ?"

"እኔ እሄዳለሁ።"

"ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። ተሰጠች የተባለችው ግን እኔ ነኝ።"

ብዙ አየኝና "ሂጂ" አለ። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ በሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ሄድሁ። ነጋዴው መጋዘኑ ደጅ፣ የስንዴ ጆንያ እያስጫነ፣ እንደቆመ ሰማኝ። አላገባም ከማለቴ ይልቅ መምጣቴ አበሳጨው።

"አባትሽ የሚልከው ወንድ አጣ?"

"አላጣም። እኔን ላከ።"

ተሸካሚዎቹ ሥራቸውን ትተው ያዩኛል። ንቅንቅ አላልሁም። ሰውየው ቃሉን መለስሁም አልመለስሁም ሳይል፣ "በይ ሂጂ፣ እናስብበታለን" ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

ወደ ማታ ደባርቅ ስገባ አባቴ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ያልተቋጨ ነገር ይዤ መምጣቴን እንዴት ብዬ እንደምነግረው ጨነቀኝ። እሱ ግን ምን አሉሽ እንኳን ሳይለኝ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ "ነይ ተንበርከኪ" አለኝ።