የጭቃው ግድግዳ ድንጋዮች

የቀበሌው አጥር ላይ መፈክር ከመጻፍ በቀር ብሩሽ ይዤ የሠራሁት ሥራ አልነበረም። ስለዚህ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት ግንበኛ፣ ሳሎናቸውን እንድቀባ ሲጠሩኝ ደነገጥኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው የድንጋይ ቤት ሲሠሩ ኖረው እሳቸው ያሉት ጭቃ ቤት ነው። እሁድ ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።

"አንዱን ግድግዳ ድንጋይ አስመስልልኝ" አሉኝ። "ካላማረ ግን ቅዳሜ በኖራ አጠፋዋለሁ።"

ኖራው ከነካው ሁለተኛ ማንም ሰው ሥራ እንደማይሰጠኝ አውቅ ነበር።

ያኔ ቀለም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ኖራ በሙጫ በጠበጥኩ፤ ከሰል ወቅጬ፣ በሻሽ ነፍቼ ጨመርኩበትና ሦስት ዓይነት ግራጫ አወጣሁ። ከአስኮ መንገድ ዳር አንድ ጥርብ ድንጋይ ተሸክሜ መጥቼ ፊቴ አስቀመጥኩ። ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ሳይቀር በፍራሽ ስፖንጅ ነካ ነካ እያደረግኩ ቀዳሁ። መስመሩን በክርና በውሃ ልክ አሰመርኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ግንበኛው ገብተው አዩት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ።

"ይሄ ግንብ ይወድቃል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ስዕል እኮ ነው! የት ይወድቃል?" አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ።

"ስዕልም ቢሆን እኔ ሥሩ አልቀመጥም። ሽማግሌዎቹንም አላስቀምጥም።"

በጣታቸው አንዱን መጋጠሚያ ከላይ እስከ ታች ተከተሉ። ያኔ ገባኝ። ድንጋዮቼን እንደ ሣጥን አንዱን በሌላው ራስ ላይ ደርድሬአቸዋለሁ፤ የቁም መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። አራት ቀን ሙሉ ያየሁት አንድ ድንጋይ ነው፤ ግንብ አላየሁም።

"የላይኛው የታችኞቹን ሁለቱን መርገጥ አለበት፣ ልጄ።"

"አባባ፣ እስከ ቅዳሜ ይጠብቁኝ።"

"ኖራውን እበጠብጣለሁ" ብለው ወጡ።

አርብ ማለዳ 18 ማዞሪያ ሄጄ አንድ የድንጋይ አጥር ፊት ቆምኩ። ማዕዘኑ ላይ ረጅሙና አጭሩ ድንጋይ እንዴት እንደሚፈራረቁ ደብተሬ ላይ ነደፍኩ። ተመልሼ አንድ ተራ እየዘለልኩ የቁም መስመሮቹን አጠፋሁና በየድንጋዩ መሃል አዲስ አሰመርኩ።

ቅዳሜ የኖራ ባልዲያቸውን ይዘው ገቡ። ከማዕዘኑ ጀምረው እያንዳንዱን ተራ አዩ። ባልዲውን በሩ ላይ አስቀምጠው ወደ ጓዳ ሄዱ፤ ሲመለሱ የልጃቸውን ፎቶግራፍ፣ መዶሻና ምስማር ይዘዋል።

"ስቀልልኝ።"

ምስማሩን ግድግዳው መሃል አስደገፍኩ።

"ኧረ ድንጋዩን አትምታው!" ብለው ጮሁ። "መጋጠሚያው ላይ ነው እንጂ!"

ምስማሩን ወደ ቀባሁት መስመር አዛወርኩ። በሁለት ምት ጭቃው ውስጥ ገባ።

በባልዲው ኖራ ከሰዓት በኋላ የውጪውን ግድግዳ አስቀቡኝ።